ስለ ጠፈር ጨዋታና ስለ ጎረቤት ጎተራ

ሰው በሥራው ላይ ሳለ ጠባዩን ይሸፍናል፤ አለቃ ያየዋል፣ ደመወዝ ያስረዋል፣ ይሉኝታም ይይዘዋል። ሲጫወት ግን «ጨዋታ ነው» እያለ ራሱን ስለሚለቅ በልቡ ያለው ነገር ይወጣል። ስለዚህ መጽሐፍንና ቴአትርን መርምሮ ማመስገንና መንቀፍ ተገቢ ከሆነ፣ ብዙ ወጣቶች ከመጽሐፍ ይልቅ ረዥም ሰዓት የሚሰጡትን የኮምፒውተር ጨዋታም መመርመር ተገቢ ነው እላለሁ። ብዙ ታላላቆቻችን በደፈናው «ጊዜ ማጥፊያ ነው» ብለው ያልፉታል፤ ነገር ግን ሳያዩ መፍረድ ፍርድ አይባልም። እኔ አይቼዋለሁ፤ ስምንት ወር ሙሉ ተጫውቼዋለሁ፤ በደልም ሠርቼበታለሁ።

የምናገርለት ጨዋታ ኦጌም ይባላል። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2002 በጀርመን አገር ወጣ፤ ከሃያ ዓመት በላይ ሆኖትም ዛሬ ድረስ ይጫወቱታል። ያስተማረኝ የእኅቴ ልጅ ነው። ጨዋታው ዓይን የሚያስደስት አይደለም፤ አብዛኛው ቁጥርና ሰንጠረዥ ነው። ተጫዋቹ በመጀመሪያ አንዲት ፕላኔት ይሰጠዋል፤ በእርስዋም ላይ የብረት ጉድጓድ፣ የክሪስታል ጉድጓድ፣ እንዲሁም ዲውቴሪየም የሚባለውን ነዳጅ የሚያወጣ ፋብሪካ ይሠራል። ለፀሐይ የቀረበች ፕላኔት ትሞቃለች፤ የራቀችው ትቀዘቅዛለች፤ ቀዝቃዛይቱም ዲውቴሪየምን አብዝታ ትሰጣለች። ባለቤቱ ቢተኛም ቢነሣም ማዕድኑ ቀንና ሌሊት ይወጣል። ከሁሉ ይልቅ ያስደነቀኝ ግን ይህ ነው፤ ማዕድኑ አያልቅም። ሺህ ዓመት ቢቆፈር ጉድጓዱ አይነጥፍም።

እንግዲህ አንባቢዬ «ማዕድኑ የማያልቅ ከሆነ ሰዎቹ በምን ይጣላሉ?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም። እኔም መጀመሪያ የጠየቅሁት ይህንኑ ነበር። መልሱ ያለው በስሌቱ ውስጥ ነው። የብረቱን ጉድጓድ ወደሚቀጥለው ደረጃ ለማሳደግ የሚከፈለው ዋጋ በየደረጃው በእኩሌታ ይጨምራል፤ ምርቱ ግን በዚያው ልክ አይጨምርም። በወረቀት ላይ አስልቼ እንዳገኘሁት፣ 10ኛውን ደረጃ ለመሥራት 2,306 ብረት ይበቃል፤ 20ኛውን ለመሥራት ግን 133,010 ያስፈልጋል። በተለመደው ፍጥነት 10ኛው ደረጃ በሰዓት 778 ብረት ሲሰጥ 20ኛው 4,036 ይሰጣል። ይህም ማለት ወጪው 58 ጊዜ ያህል ሲያድግ ምርቱ ያደገው 5 ጊዜ ብቻ ነው። ትጉህ ሰው በትጋቱ ወደ ፊት በሄደ ቁጥር መንገዱ ይረዝምበታል። በዚህ ጊዜ ዓይኑን አሻግሮ ሲመለከት የጎረቤቱ ጎተራ ሙሉ ነው። በተራው ሕግ አንድ ወራሪ ድል አድርጎ ሲገባ፣ መርከቦቹ መሸከም እስከቻሉ ድረስ፣ ከተከማቸው እስከ እኩሌታው ጭኖ ይሄዳል። ጎረቤት የሦስት ቀን ድካሙን ያከማቸበትን ጎተራ በአንድ ሰዓት መንገድ ማግኘት ሲቻል፣ የራስን ጉድጓድ ማሳደግ የሞኝ ሥራ መስሎ ይታያል። ማንም ሰው ክፉ ሳይሆን በስሌት ብቻ ወንበዴ ይሆናል። የጨዋታው ጥበብም፣ የጨዋታው ነውርም ይኸው ነው።

በመድፍ መከላከል ይቻላል። መድፎች ከውጊያ በኋላ ከፈረሱት 70 በመቶ ያህሉ ተጠግነው ይቆማሉ። ዳሩ ግን ወራሪው አስቀድሞ የስለላ መንኮራኩር ልኮ መድፍህን አንድ በአንድ ቆጥሮ፣ ከዚያ የሚበልጠውን ኃይል ይዞ፣ አንተ የምትተኛበትን ሰዓት መርጦ ስለሚመጣ፣ የቆመ መድፍ ብዙ አያድንም። መርከቦችህ በቆሙበት ከወደሙም ከተሠሩበት ብረትና ክሪስታል 30 በመቶው ስብርባሪ ሆኖ በጠፈር ይንሳፈፋል፤ ወራሪው ይህንንም ይለቅመዋል። ስለዚህ ነባሮቹ የሚመክሩት ሌላ ነው። ከመተኛትህ በፊት ያለህን ሁሉ በመርከቦችህ ላይ ጭነህ በዝግታ ወደ ሩቅ ትሰዳለህ፤ የመመለሻውንም ሰዓት ከምትነቃበት ጋር ታስማማለህ። ወራሪ ቢመጣ ባዶ ቤት ያገኛል። መልካም ዘዴ ነው። ነገር ግን መርከቦቹ በሚደርሱበት ሰዓት ባለቤቱ ነቅቶ መገኘት አለበት፤ አለዚያ ሌላው ሰዓቱን አስልቶ ይጠብቃቸዋል።

አንድ ሌሊት፣ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ገደማ፣ መርከቦቼ ሊደርሱ ሁለት ደቂቃ ሲቀራቸው እናቴ ከወዲያኛው ክፍል ውኃ ስጠኝ ብላ ተጣራች። ያን ሰሞን ታማ ነበር። «ቆይ፣ መጣሁ» አልሁ። ሁለቱ ደቂቃ አለፈ፤ ደግሞ የመጣውን ማራገፍና እንደገና መላክ ያስፈልግ ስለ ነበር ሌላ ጊዜ ወሰደ። ዘወር ስል እናቴ ግድግዳውን ተደግፋ በኮሪደሩ ውስጥ ቆማለች፤ ጣሳውንም ይዛለች፤ ራስዋ ቀድታ ነበር። ምንም አልተናገረችኝም። እኔ ያን ሌሊት አንድም ብረት አልተዘረፍሁም።

ከዚያ በኋላም አልተውሁትም፤ ይህን መሸሸግ አይገባኝም። በእያንዳንዱ ፀሐይ ዙሪያ 15 ስፍራዎች አሉ፤ እኔ በ8ኛው ላይ ነበርሁ። በ11ኛው ላይ አንድ የማላውቀው ሰው ሰፍሮ ነበር። ስፍራው ቀዝቃዛ ስለ ሆነ የሚጎድለኝን ዲውቴሪየም እርሱ ያመርታል፤ መድፉ ግን ጥቂት ነበር። ሕጉ አንዲትን ፕላኔት በ24 ሰዓት ውስጥ ከ6 ጊዜ በላይ ማጥቃትን ይከለክላል። እኔ በየንጋቱ አንድ ጊዜ ብቻ ስለምሄድ ራሴን እንደ ቸር እቆጥር ነበር። ተጫዋቾች እንደዚህ እየተመላለሱ የሚዘርፉትን ሰው «እርሻ» ብለው ይጠሩታል። አንድ ቀን ለእኅቴ ልጅ «ያ ሰው ዛሬ ጥሩ ዲውቴሪየም ነበረው» ብለው፣ «ጋሼ፣ ሰው አይበሉት፤ እርሻዎ ነው» ብሎ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። አባቴ ገበሬ ነበር፤ እርሻ ማለት ምን እንደ ሆነ አላጣሁትም። ገበሬ መሬቱን ያርሳል፣ ይዘራል፣ ያርማል፤ እኔ ግን በዚያ ሰው ፕላኔት ላይ አንዲት ጠጠር አላነሣሁም።

ከጥቂት ሳምንት በኋላ ያ ሰው በሰባራ እንግሊዝኛ ጻፈልኝ። «የምሠራው ሌሊት ነው፤ መርከቦቼን መሸሸጊያ ጊዜ የለኝም። መድፍ እስክሠራ አንድ ሳምንት ብቻ ተወኝ» ይላል። «ጨዋታ ነው እኮ» ብዬ መለስሁለት። በማግሥቱም ንጋት ሄድሁ።

ጨዋታው ሰባት ቀን ሙሉ ብቅ ያላለውን ሰው ከስሙ አጠገብ ትንሽዋን የላቲን ፊደል አይን ጽፎ ያመለክታል፤ 28 ቀን ሲሞላው ፊደሉ ትልቁ ይሆናል። ይህ ምልክት ለወራሪዎች ሁሉ ይታያል፤ «ባለቤቱ የለም፤ ማዕድኑ ግን ይወጣል» ማለት ነው። በጎረቤቴ ስም አጠገብ ትንሽዋን ፊደል ባየሁ ቀን ደስ አለኝ። የሌለ ሰው መድፍ አይሠራም፤ ደብዳቤም አይጽፍም። ታሞ ይሁን፣ ሥራ በዝቶበት ይሁን፣ እኔ አስመርሬው ይሁን አልጠየቅሁም። ፊደሉ ትልቁ እስኪሆን ድረስ በየንጋቱ ሄድሁ።

አሁን አንድ ሰው «የተወሰደው ቁጥር ነው፤ ማንም አልተራበም» ብሎ ሊከራከረኝ ይችላል። እውነት ነው፤ ብረቱ ብረት አይደለም። ነገር ግን ያ ሰው ከሌሊት ሥራው ደክሞ ተመልሶ ኮምፒውተሩን የከፈተበት ሰዓት እውነተኛ ሰዓት ነበር። በጨዋታው ውስጥ ማዕድኑ ሁሉ አይነጥፍም ብያለሁ፤ የሚነጥፈው የሰው ዕድሜ ብቻ ነው፤ እኔ በየንጋቱ ጭኜ የመጣሁትም እርሱን ነው።

ነቀፌታዬ ግን ሚዛን እንዲኖረው ያየሁትን መልካም ነገርም ልናገር። ኅብረት የገቡ ሰዎች መርከቦቻቸውን ልከው በወዳጃቸው ፕላኔት ላይ ዘብ ሊያስቆሙ ይችላሉ፤ በቆሙበትም ሰዓት ሁሉ ነዳጅ ይቃጠልባቸዋል። አንድ ጊዜ ትልቅ ወራሪ ወደ እኔ ሲመጣ፣ ፊቱን አይቼው የማላውቀው የኅብረቴ ሰው መርከቦቹን ልኮ እስኪነጋ ዘብ አቆመልኝ፤ ወራሪውም ኃይሉን አይቶ ከመንገድ ተመለሰ። ሰውዬው አንዲት ክሪስታል እንኳ አልጠየቀኝም። ይህም በዚያው ሕግ ውስጥ የተፈቀደ ነገር ነበር። እንግዲህ «ሕጉ እንዲህ አደረገኝ» ብዬ ማምለጥ አልችልም።

ሌላም አለ። ጨዋታው የዕረፍት ሥርዓት አለው። ተጫዋቹ ወደዚያ ከገባ ማንም ሊነካው አይችልም፤ ዳሩ ግን የራሱም ጉድጓድ ሥራውን ያቆማል፤ ቢያንስ ሁለት ቀንም መቆየት አለበት። በስምንት ወር ውስጥ ይህን በር አንድ ጊዜ እንኳ አልከፈትሁትም። ምርቴ ሁለት ቀን እንዳይቆም ስል ከሁለት መቶ የሚበዛ ሌሊት እንቅልፌን ገበርሁ። የሠሪዎቹን ጥፋት ከዚህ በላይ አልዘረዝርም፤ በሩን ሠርተውታል።

ከመተዌ በፊት ለጎረቤቴ ይቅርታ የሚል ደብዳቤ ጻፍሁለት፤ አልመለሰም። ዐሥር ቀን ያህል ወደ ፕላኔቱ ሳልሄድ ቆየሁና፣ ለመዝረፍ ሳይሆን ተመልሶ እንደ ሆነ ለማወቅ አንዲት የስለላ መንኮራኩር ላክሁ። በዐሥር ቀን ውስጥ ጎተራው ሞልቶ መፍሰስ ነበረበት። የመጣልኝ ቁጥር ግን የአንድ ቀን ምርት እንኳ አይሞላም ነበር። ትልቁ ፊደል አሁንም ከስሙ አጠገብ ነው፤ ሌላ ሰው ማጨድ ጀምሯል።