ቢላውን ለእኔ ስጡኝ

ከሲልቨር ስፕሪንግ የመጣው የእህቴ ልጅ እሳት የነካው ነገር አይቀምስም። ሥጋ፣ ወተትና እንቁላልም አይነካም። ከ48 ዲግሪ በላይ የሞቀ ምግብ ለእሱ በድን ነው። እናቱ ደውላ «ወንድምዬ አደራ፣ ልጄ እንዳይራብብኝ» አለችኝ። እሱ ደግሞ በመጣ በማግስቱ ዊንጌት አደባባይ ዳር ቆሞ፣ በግራም በቀኝም ሰንጋ ተሰቅሎ እያየ፣ «ጋሼ፣ እዚህ ሰፈር ጥሬ የሚበላ ሰው ውጭ ሲወጣ ምን ይበላል?» ብሎ ጠየቀኝ።

ሳቄን ዋጥኩት፤ ጥያቄው ሲያዩት እንደሚመስለው የዋህ አይደለም። በሌላው ዓለም ጥሬ የሚመገብ ሰው ቤቱ ሲሆን ይመቸዋል፣ ምግብ ቤት ሲገባ ይቸገራል። እኛ ጋ ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። ሰው ቤቱ ወጡን ይበላል፤ ከቤት የሚወጣው ጥሬ ሲያምረው ነው። የበዓል ቅርጫ ካልሆነ በቀር ቁርጥ የውጭ ምግብ ነው። ስለዚህ ውጭ ጥሬ መብላትን በተመለከተ ከእኛ የበለጠ የሚጠየቅ ሕዝብ የለም ብዬ አምናለሁ።

ሻኛን ከዳቢት፣ ታላቅን ከታናሽ ለማይለይ ሰው እዚህ ትምህርት አልከፍትም፤ ሥጋ ቤት ገብቶ ቆራጩን ይጠይቅ። ሚጥሚጣ ይሻላል ወይስ አዋዜ የሚለውም የሥራ ፈት ክርክር ነው። (ዳጣ ከተገኘ ዳጣ፤ አለቀ።) እኔ የምሟገተው ለአንድ ነገር ብቻ ነው። ጥሬ የሚበላ ሰው ምግቡን ሳይቆራረጥ ይዘዝ፣ በገዛ እጁም ይቁረጥ። ወጥ የሚበላ ሰው እሳት የሚባል ዘበኛ አለው፤ ማጀት ውስጥ የተበላሸውን ብዙውን ነገር እሳቱ ያቃናለታል። ጥሬ በላተኛ ያለው ዓይኑ ብቻ ነው። ዓይን ደግሞ የሚያየው ቢላ የከፈተለትን ነው።

ሥጋ ቤት የምገባው ጠዋት አራት ሰዓት ገደማ ነው። ቄራ ሌሊት ያረደው በማለዳ መኪና መጥቶ ሜንጦ ላይ ከተሰቀለ ቆይቷል፤ ላዩ ደረቅ ብሏል፣ ማኅተሙም ገና ይታያል። መጀመሪያ የማየው ጮማውን ነው። ነጭ ከሆነ ሰንጋው በጋጣ ተቀልቧል፤ ወደ ቢጫ ካደላ ሣር በልቶ ያደገ ነው፤ ቀለሙ የሚመጣው ካሮትን ካሮት ከሚያስመስለው፣ ሣር ውስጥም ካለው ነገር ነው። ብዙ ሰው ቢጫ ሲያይ ይሸሻል። እኔ ግን ዝም ብዬ አዝዛለሁ፦ «ከጎድንና ከሻኛ ደባልቅልኝ፤ እንዳትቆራርጠው።» አዲስ ቆራጭ ከሆነ ቅር ይለዋል፣ ሙያው የተናቀ ይመስለዋል። የቆየው ግን ምራቂ ጨምሮ ያስቀምጥልኛል።

ትሪው ላይ ሲደርስ መዳፍ የሚያህለውን ቁራጭ ጫፉን በግራ እጄ ይዤ፣ የሥጋውን ክር አቋርጬ በስሱ እቆርጣለሁ። እያንዳንዱ ቁርጥ አዲስ ገጽ ይከፍታል። ጅማቱ የት እንደሚሄድ፣ ደም የት እንደቋጠረ ይታያል። የምፈልገው ግን ሌላ ነገር ነው፦ ከአተር ፍሬ የማይበልጥ፣ ውሃ የቋጠረ፣ መሐሉ ነጥብ ያለው ነጭ ከረጢት። የኮሶ ትል ልጅ እሱ ነው። እሱን ያየ ሰው ትሪውን ይመልሳል፤ ጨዋነት እዚያ ላይ አይሠራም። ይህ ነገር ደግሞ መኖሪያ ይመርጣል። ጉንጭ፣ ምላስ፣ ልብና የፊት እግር ጡንቻ ይወዳል፤ የቄራ መርማሪዎችም ቢላቸውን የሚያሳርፉት እዚያ ነው። በዚህ ምክንያት ወርች በጥሬው አልበላም፤ ይጠበስልኝ። ጓደኞቼ ይስቁብኛል፤ ይሳቁ።

ቢላ ሁሉን ያሳያል እያልኩ አይደለም። ፍሬው አንድ ሁለት ብቻ ከሆነ መርማሪውንም ያልፈዋል። እርግጡን የሚፈልግ ያብስለው፣ ካልሆነም ከዜሮ በታች 10 ዲግሪ ላይ ቢያንስ 10 ቀን ያስቀምጠው፤ የሥጋ ቤት ፍሪጅ ይህን አይሠራም። አባቶቻችን ይህን ዕዳ አውቀው ነበር የሚበሉት፤ በየሁለት ወሩ ኮሶ ይጠጡ ነበር። ኮሶ የጠጣ ሰው ቤቱን ዘግቶ ይውል ነበር፣ እንግዳ አይቀበልም፣ ማንም አይቀየመውም ነበር። ዛሬ ነገሩ በክኒን ያልቅና ሰውዬው ከሰዓት በኋላ ሥራ ይገባል። ዕረፍቷ ቀረችብን።

በዚህ ሁሉ የማይስማማ ጎረቤት አለኝ። ጉራጌ ነው፤ ክትፎ ሲነካበት አይወድም። «አንተ ሥጋውን የምታየው ስትበላው ነው» ይለኛል። «የእኔ ሚስት ቀዩን መርጣ፣ ነጩን ጅማት አንድ በአንድ ለቅማ፣ ከዚያ ነው ቢላ የምታሳርፍበት። ከእሷ የበለጠ ያንን ሥጋ ማን አይቶታል?» ለቤት ክትፎ ሲሆን መልስ የለኝም። ቤቱ ስጠራ እበላለሁ፤ ቅቤው ከነኮሰረቱ፣ ቆጮው ከነአይቡ ሲመጣ ዝም እላለሁ። እኔ የማወራው ውጭ ስለሚበላው ክትፎ ነው። ማን ከተፈው? መቼ? ከየትኛው ብልት? ሙሉ ሥጋ ላይ ጀርም የሚያርፈው ላዩ ላይ ነው፤ ሲከተፍ ግን የላዩ ውስጥ ይገባል፣ ሁሉም ይዳረሳል። ለብ ለብ የሚባለው ደግሞ ከሁሉም ይብሳል። ጥሬም አይደል ብስልም አይደል፤ የሥጋውን መልክ ለውጦ ጀርሙን ያባብለዋል።

ጎረቤቴ ታዲያ መጽሐፍ አንባቢ ነውና በጀምስ ብሩስ መጣብኝ። ስኮትላንዳዊው ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1770 ጎንደር ገብቶ ያየውን በ1790 ሲያሳትም፣ ስለ ጥሬ ሥጋ የጻፈውን ያገሩ ሰዎች አላምን ብለው ውሸታም አሰኝተውታል። እሱ በጻፈው ግብር ላይ መኳንንቱ ራሳቸውን አይመግቡም። ወንዱ በረጅም ቢላ ቁራጩን ያነሳል፤ ግራና ቀኝ የተቀመጡት ሴቶች ተቀብለው በቀጭኑ ይሰነጥቁታል፣ መልሰው በትንንሹ ይከትፉታል፣ በርበሬና ጨው ነስንሰው በእንጀራ ጠቅልለው ያጎርሱታል። «አየህ?» አለኝ ጎረቤቴ፣ «ድሮም ሌላ ሰው ነው የሚቆርጠው።» እኔ ደግሞ አንብበህ አልጨረስክም አልኩት። ቢላው የነበረው ማዕዱ ላይ ነው፣ ከበላተኛው ዓይን ሥር። ማጀት ተከትፎ፣ በጣባ ታጭቆ አልመጣም። ጉርሻ ሌላ፣ ከመጋረጃ ጀርባ የተከተፈ ሌላ።

የእህቴ ልጅ ይህን ክርክር ሲሰማ የሥጋ ወሬ አድርጎ ነበር የወሰደው። የእሱም ጉዳይ መሆኑ የገባው ከጳውሎስ ሆስፒታል ወረድ ብሎ ያለ ምግብ ቤት ይዤው ስገባ ነው። አስተናጋጇ ጥሬ የሚል ቃል ስትሰማ «ሰላጣ አለን» አለች። አልፈልግም አልኳት። እኔ ሰላጣ ከምበላ ጎድን በጥሬው ብበላ እመርጣለሁ፣ ይህንንም የትም ቦታ እናገራለሁ። የከተማችን ቅጠላ ቅጠል ብዙው የሚጠጣው የአቃቂ ወንዝን ውሃ ነው፤ ወንዙ ደግሞ የከተማውን ጉድ ሁሉ ተሸክሞ ነው የሚወርደው። ቅጠሉ እጥፋቱ ብዙ ነው፣ አጣቢው ቸኩሏል፣ መክተፊያው ላይ ከሱ በፊት ምን እንደነበረ አናውቅም። ታይፎይድና አሜባ የጾም ምግብ ነው ብለው አይመለሱም።

«ኪያር፣ ካሮት፣ ሁለት ቲማቲም፣ አቮካዶ፣ ማንጎ፣ ቃሪያና ሎሚ። ሳይቆረጡ። ቢላና ባዶ ሰሃን፣ አንድ የታሸገ ውሃ።»

«ሳይቆረጡ?»

«ሳይቆረጡ።»

ሄዳ ኃላፊውን ጠራች። እሱም መጥቶ፣ በትሕትና፣ ሒሳቡን በምን እንዲጽፍ ጠየቀኝ። ሰላጣ በል አልኩት፤ ተስማማን። ልጁ ቲማቲሙንና ቃሪያውን በታሸገው ውሃ አጠበ፣ አቮካዶውን ለሁለት ከፍሎ ሎሚ ጨመቀበት፣ ኪያሩን ልጦ በቁመቱ ሰነጠቀው። የተጨቃጨቅነው ሚጥሚጣው ላይ ነው። ቃሪያው የደረቀው በፀሐይ ነው፣ ይቻላል አለ፤ ኮረሪማውስ ተቆልቶ ከሆነ? አለ። አስተናጋጇን ልንጠይቃት ስንል የተገዛ ነው ብላ ገላገለችን። በጨው ብቻ በላ። የጾም ምግብ ሁሉ ይሆነኛል ብሎ ነበር አገር ቤት የገባው፤ በሶው፣ ተልባው፣ ሱፉ ሁሉም ምጣድ ወይም ድስት እንደነካቸው ስነግረው አዘነ። በታኅሣሥ ቢመጣ እሸት ሽምብራ ከነግንዱ ከመንገድ ዳር ገዝቶ እየፈለፈለ ይውል ነበር። እሱም ቢሆን ፈልፋዩ በላተኛው ነው፤ ሕጌ አልተሻረም።

ሰፈራችንን እንዲያከብር ያደረገው ግን ሌላ ነገር ነው። ዊንጌት የሚለው የሰፈሩ ስም የመጣው ከትምህርት ቤቱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1946 የተከፈተው ትምህርት ቤት በኦርድ ዊንጌት ስም ተጠራ፤ ጃንሆይን አጅቦ በጎጃም በኩል አልፎ ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. አዲስ አበባ የገባው እንግሊዛዊ መኮንን ነው፤ ሦስት ዓመት ሳይሞላው በአውሮፕላን አደጋ ሞተ። ይህ ሰው ጥሬ ሽንኩርት በክር አስሮ አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ይዞር እንደነበር፣ ሲያሰኘውም ይገምጠው እንደነበር ይነገርለታል። ልጁ አላመነኝም፤ ስልኩን አውጥቶ ፈለገና አገኘው። ሳይቆረጥ፣ ከዓይን ሳይርቅ፣ በገዛ ጥርስ፤ ከዚህ የተሻለ ምስክር ከየት አመጣለሁ?

ስለ ቢላው ራሱ ትንሽ ካላልኩ አያስችለኝም፤ ዕድሜዬን ብረት ሥራ ሳስተምር የኖርኩ ሰው ነኝ። ምግብ ቤት የሚሰጡህ ባለመጋዝ ጥርስ ቢላ ሥጋም ቲማቲምም ይቦጭቃል እንጂ አይቆርጥም። የተቦጨቀ ገጽ ደግሞ ምንም አያሳይም። ጥሩው ቢላ ያረጀው ነው፤ ሞረድ ሲበላው ኖሮ ወገቡ የቀጠነው፣ ጫፉ ወደ ላይ ቀና ያለው። የራሴን በጨርቅ ጠቅልዬ ይዤ እሄዳለሁ። ባለቤቴ ይህን ነገር እንደማትወደው እዚህም መዝግቡልኝ ብላለች፤ ተመዝግቧል።

ያ ቢላ የአባቴ ነበር። አባቴ ቤት ውስጥ የማያወራ ሰው ነበር፤ እራት ቀርቦ እስኪነሳ ከ«በሉ» በቀር ቃል አይወጣውም። ደሞዝ የተቀበለ ለት ግን ሥጋ ቤት ይዞኝ ይገባና ቢላውን ሲያነሳ አፉ ይፈታል። ስለ ልጅነቱ፣ ስለ ሥራ ቦታው ሰዎች፣ ስለ ሞተው ወንድሙ የማውቀውን ሁሉ የሰማሁት በሁለት ቁርጥ መሐል ነው። ለምን እንደሆነ ብዙ አስቤበታለሁ። ቁርጥ ጊዜ ይፈልጋል፤ ዓይንህም እጅህ ላይ ስለሆነ ፊት ለፊት ሳትተያይ ታወራለህ። የከበደውን ነገር ለሥጋው ነው የምትነግረው፣ ሌላው ይሰማል። ክትፎ ቢያዝዝ ኖሮ በማንኪያ አንስተን፣ አፍ ጠርገን እንወጣ ነበር፤ እኔም አጎቴን አላውቀውም ነበር።

በመጨረሻ ዘመኑ ጥርሱ አለቀ። ክትፎ ይዘዝልህ ስለው «ታመምኩ እንዴ?» አለኝ። ስለዚህ እኔ ከፊቱ እየቆረጥኩ፣ በትንንሹ እያደረግኩ አጎርሰው ጀመር። ዓይኑ ግን ከቢላው ላይ አይነሳም። «እሱ ጅማት ነው፣ ተወው» ይላል፤ «ይቺን፣ ከጮማው ጋር» እያለ በጣቱ ያሳያል። አንዳንዴ የከፈትኩትን ገጽ ወደ ብርሃን እንዳዞርለት ያዘኛል። ካመነበት ብቻ አፉን ይከፍታል።

ይህን ለጎረቤቴ ነግሬው «እና ለአባትህ ከተፍክለት ማለት ነው» ብሎ ተደስቷል። ነገሩን በቅበላ ልንፈታው ተቀጣጥረናል። ሥጋው ሳይከተፍ፣ ሙሉውን፣ ትሪ ላይ አይቼው ከዚያ ወደ ማጀት እንዲገባ ሚስቱ ተስማምታለች። እሱም በበኩሉ አንድ ቅድመ ሁኔታ አስቀምጧል፦ በጨርቅ የተጠቀለለው ነገር እቤቴ ይቅር።