በሽታው ያልተጠየቀበት የመድኃኒት ጥናት

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» የሚለው ምሳሌያዊ አነጋገር የሚነገረው ሕመሙን በኀፍረት ወይም በፍርሃት ለሚሸሽግ ሰው ነው። ስለ ኢትዮጵያ የባህል ሕክምና በልዩ ልዩ ቋንቋ የተጻፉትን መጻሕፍት በትዕግሥት ያነበበ ሰው ግን ይህ ምክር ለመርማሪውም ጭምር እንደሚገባ ይረዳል። በእነዚህ መጻሕፍት መድኃኒቱ በብዛት ተጽፏል፤ በሽታው ግን ስሙ ብቻ ተጠርቶ ታልፏል። የቅጠሉ፥ የሥሩና የፍሬው ነገር በጥንቃቄ ሲመረመር፥ ቅጠሉ የሚፈውሰው ሕመም ራሱ ምን እንደ ሆነ የሚጠይቀው ሰው ጥቂት ነው።

ከእነዚህ ሥራዎች መካከል በመጀመሪያ የሚነሣው ፈረንሳዊው የሕዝቦች ባህል መርማሪ ማርሴል ግሪዮል በ1930 በፓሪስ ያሳተመው የአንድ ደብተራ የመድኃኒት መጽሐፍ ነው (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ከእርሱ በኋላ የሴም ቋንቋዎች ሊቅ የሆነው ፖላንዳዊው ስቴፋን ስትሬልሲን የኢትዮጵያን የሕክምና ድርሳናት መርምሮ የመጀመሪያውን መጽሐፍ በ1968 በዋርሶ፥ ሁለተኛውን በ1973 በናፖሊ አሳተመ። የሁለቱም ሥራ ምስጋና የሚገባው ነው። ባለቤቱ ለልጁ እንኳ በቶሎ የማይገልጠውን ክታብ ለምርምር እንዲበቃ አድርገውታል። በተለይም ስትሬልሲን የዕፀዋቱን የአገር ስም ከዕፀዋት ሊቃውንት ስም ጋር ለማስማማት የደከመው ድካም ቀላል አይደለም፤ አንድ ስም በአንዱ አውራጃ አንዱን ተክል፥ በሌላው አውራጃ ሌላውን ተክል ሊያመለክት ይችላልና።

ይሁን እንጂ የስትሬልሲን ሁለተኛ መጽሐፍ ርእስ ራሱ የጥናቱን ወሰን ይናገራል፤ ስለ ዕፀዋት ስምና አገልግሎት የተደረገ ምርመራ ይለዋል። ሊቁ የገባውን ቃል ፈጽሟልና በዚህ አይወቀስም። ወቀሳው የሚደርሰው ከእርሱ በኋላ በመጡት ብዙዎች ላይ ነው። እነዚህ መርማሪዎች በአንድ ወገን የተክሉን ስም፥ በሌላው ወገን የበሽታውን ስም በሰንጠረዥ ደርድረው፥ ሁለቱን በመስመር ካገናኙ ሥራው ያለቀ ይመስላቸዋል። በተክሉ ወገን የተጻፈው ስም በናሙና የተረጋገጠ ነው፤ ቅጠሉ ደርቆ በወረቀት ላይ ተለጥፎ ይገኛል። በበሽታው ወገን የተጻፈው ስም ግን አብዛኛውን ጊዜ ከመዝገበ ቃላት የተወሰደ ትርጉም ብቻ ነው። አንደኛው እግሩ በዓለት ላይ፥ ሁለተኛው በረግረግ ላይ የቆመ ቤት እንዴት ይጸናል?

የነገሩን ክብደት ለማየት ለምጽ የሚለውን ስም መመልከት ይበቃል። በቅዱሳት መጻሕፍት ቋንቋ ይህ ስም የሚሰጠው ሰውን ከሰፈር ለሚያስወጣው ከባድ ደዌ ነው። በዕለት ንግግር ግን ለምጽ የሚባለው ቆዳን እየነጣ የሚያዥጐረጕር፥ የማይጋባና ጣት የማያስቈርጥ ሕመም ነው። ነርቭን የሚያደነዝዘውና አካልን የሚያጐድለው በሽታ ቁምጥና ወይም ሥጋ ደዌ ይባላል፤ መነሻው ኖርዌያዊው ሐኪም ሐንሰን በ1873 ያገኘው ባክቴሪያ ነው። እንግዲህ በአንድ የብራና ጥቅልል ላይ «ዘለምጽ» ተብሎ የተጻፈ መድኃኒት ቢገኝ፥ ኬሚስቱ ቅጠሉን በየትኛው ላይ ይፈትነው? ጸሐፊው ደብተራ በመጽሐፍ ቋንቋ ተናግሮ ከሆነ አንድ ነገር ነው፤ በጎረቤቱ ቋንቋ ተናግሮ ከሆነ ሌላ ነገር ነው። ይህን ሳይለይ የተደረገ ፈተና ቢሳካም ባይሳካም ስለ ደብተራው መድኃኒት የሚያስረዳው ነገር የለም።

ምች የሚባለው ሕመም ደግሞ ከዚህ የበለጠ ያስቸግራል። ሰው ከጥላ ወጥቶ ድንገት ፀሐይ ሲያገኘው «ምች መታው» ይባላል፤ ራሱን ያመዋል፥ ትኩሳት ይይዘዋል፥ ከንፈሩ ዙሪያ ይቈስላል። ዳማከሴ ተቀጥቅጦ ይሸተታል፥ ጭማቂው ይጠጣል፥ ገላውም ይታሽበታል። ምችን በአንድ የውጭ አገር ቃል የተረጐመ ሰው ግን ከስሙ ውስጥ ትልቁን ነገር ጥሎታል። ምች የምልክቶች ስም ብቻ አይደለም፤ ሕመሙ ከወዴት እንደ መጣ የሚናገር ፍርድ ነው። «መታ» የሚለው ግሥ ራሱ በሽታው ከውጭ የደረሰ ምት መሆኑን ያስረዳል። በዚህ ስም ሥር ሐኪም በልዩ ልዩ ስም የሚጠራቸው በርካታ ሕመሞች ተጠቃለው ይገኛሉ፤ ከእነርሱም አንዳንዶቹ በጥቂት ቀን በራሳቸው የሚድኑ ናቸው።

በራሱ የሚድን ሕመም መድኃኒትን ሁሉ ያስመሰግናል። ዓይንን ቢጫ የሚያደርገው የወፍ በሽታ ለዚህ ጥሩ ምስክር ነው። የዓይን ቢጫነት የብዙ ሕመሞች ምልክት ነው፤ ጉበት በቫይረስ ሲታመም፥ የሐሞት መውረጃ በጠጠር ሲዘጋ፥ በወባ ምክንያት የደም ሕዋሳት ሲፈርሱ ይታያል። ከጉበት ሕመሞች አንዱ በአብዛኛው ሰው ላይ በጥቂት ሳምንታት ያለ መድኃኒት ይለቃል። ስለዚህ በዚህ ሕመም የተያዙ ሰዎች የመንደሩን መድኃኒት ጠጥተው ቢድኑ፥ የመድኃኒቱ ዝና በአውራጃው ይሰማል። ሐሞቱ በጠጠር የተዘጋበት ሰው ዝናውን ሰምቶ ያንኑ ሲጠጣ ግን ጊዜውን ያጠፋል፤ አንዳንዴም ሕይወቱን ያጣል። በሰንጠረዡ ላይ ሁለቱም ሰዎች በአንድ መስመር «የወፍ በሽታ» ተብለው ተጽፈዋል። የስሙ አለመመርመር የቃላት ሊቃውንት ክርክር ብቻ እንዳልሆነ በዚህ ይታወቃል።

በሽታው በግልጥ በታወቀበት ስፍራ ግን የባህል ሕክምና የቱን ያህል እንደ ተሳካለት ኮሶ ይመሰክራል። በአማርኛ ኮሶ የዛፉም፥ የመድኃኒቱም፥ በሆድ ውስጥ ያለው ትልም ስም ነው። በሽታውና ፈውሱ በአንድ ቃል እስኪጠሩ ድረስ ተጣብቀዋል፤ የሚወጣው ትል በዓይን ስለሚታይም መድኃኒቱ መሥራቱን ወይም አለመሥራቱን ጠጪው ራሱ ይፈርዳል። በ1769 ኢትዮጵያ የገባው ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ በ1790 ባሳተመው መጽሐፍ ስለዚህ ዛፍ ጽፏል። ብራየር የተባለ ፈረንሳዊ ሐኪም ደግሞ መድኃኒቱን በቁስጥንጥንያ ዐውቆት ወደ ፓሪስ ስላስታወቀ፥ ዛፉ ለጊዜው በዕፀዋት ሊቃውንት ዘንድ በእርሱ ስም ተጠርቶ ነበር። በ19ኛው ምዕተ ዓመትም ኮሶ በአውሮፓ ሐኪሞች የመድኃኒት መዝገብ ገባ።

ይሁን እንጂ በዚሁ በኮሶ ላይ እንኳ የዝርዝር ጸሐፊዎች ያጐደሉት ነገር አለ። «ኮሶ ለኮሶ ትል» ብሎ መጻፍ መድኃኒቱን አያስተምርም። የሚመረጠው የሴቴው ዛፍ አበባ ነው፤ የሚጠጣውም ሰው በባዶ ሆዱ ሆኖ በመጠን ነው። መጠኑ ሲያልፍ ሰውን እንደሚያዝለፈልፍ፥ ዓይንንም እንደሚጐዳ ሐኪሞች አስታውቀዋል። ደግሞም መድኃኒቱ ትሉን ያስወጣል እንጂ የሚመጣበትን መንገድ አይዘጋም። ጀርመናዊው ሉካርት በ1861 የትሉን ዕንቍላል ለጥጃ አብልቶ እጩን በሥጋው ውስጥ እስኪያገኝ ድረስ የበሬው ድርሻ በሙከራ አልተረጋገጠም ነበር። ጥሬ ሥጋ በሚበላበት ቤት ኮሶ መጠጣት ተመላልሶ የሚመጣ ግዴታ የሆነው ስለዚህ ነው። መድኃኒቱን ማወቅ አንድ ነገር፥ የበሽታውን ጉዞ ማወቅ ሌላ ነገር መሆኑ እዚህ ላይ በግልጥ ይታያል።

የበሽታን ጉዞ ማወቅ ምን ያህል ዓይን እንደሚከፍት የሚያሳየው ደግሞ የእንዶድ ታሪክ ነው። በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ በአድዋ አካባቢ ስለ ቢልሃርዝያ ምርምር ሲያደርግ፥ ሰዎች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ስፍራ በታች ባለው ውሃ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች በዝተው አገኘ። የቢልሃርዝያ ትል ወደ ሰው ገላ ከመግባቱ በፊት የሚያድገው በቀንድ አውጣ ውስጥ ስለሆነ፥ ቀንድ አውጣውን የሚገድል ነገር የበሽታውን መንገድ ይቈርጣል። በዚያው በአድዋ ለአምስት ዓመት በተደረገ የሙከራ ሥራ ከ1 እስከ 6 ዓመት ባሉት ሕፃናት ላይ በሽታው ከመቶ 50 ወደ መቶ 7 ዝቅ ማለቱ ተነግሯል። አክሊሉ ለማና የሥራ ባልደረባው ዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስም በ1989 ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀብለዋል።

አንድ ቅጠል ለቃሚ በዚያ ወንዝ ዳር ቆሞ ቢሆን ኖሮ በመዝገቡ የሚጽፈው «እንዶድ፥ ለልብስ ማጠቢያ» የሚል ነበር። የጻፈውም እውነት በሆነ ነበር፤ ነገር ግን የሞተው ቀንድ አውጣ አይታየውም። አክሊሉ ያየው በሽታውን አስቀድሞ ስላጠና ነው። በእንዶድ ነገር ሌላም ትምህርት አለ። ይኸው ተክል ለጽንስ ማስወረጃ ሲወሰድ እናቲቱን እስከ ሞት ሊያደርስ ይችላል። እንግዲህ የእንዶድ በጎነትና ክፋት ከተክሉ ብቻ አይነበብም፤ ለምን፥ በምን መጠንና በማን እጅ እንደ ተሰጠ ተጠይቆ ነው የሚታወቀው።

የአዘገጃጀትን ነገር በተመለከተ ከሩቅ ምሥራቅ የመጣ ምሳሌ አለ። በ4ኛው ምዕተ ዓመት የኖረው ቻይናዊው ጌ ሆንግ እየለቀቀ ለሚመላለስ ትኩሳት አንድ የጭቁኝ ዘመድ የሆነ ተክል በውሃ ተነክሮ ጭማቂው ተጨምቆ እንዲጠጣ ጽፎ ነበር። ቱ ዩዩ የተባለችው ቻይናዊት ተመራማሪ ስለ ወባ ስትመረምር ይህን አንብባ፥ ተክሉ ሳይፈላ መታዘዙን አስተዋለች፤ በ1971 በዝቅተኛ ሙቀት ያወጣችው ቅመም በእንስሳት ላይ ወባውን አሸነፈ። በ2015 የኖቤል ሽልማት አገኘች። የጌ ሆንግ ቃል ከብዙ ዘመን በኋላ ሊጠቅም የቻለው የትኩሳቱን ጠባይ፥ ተክሉንና አዘገጃጀቱን አንድ ላይ ስለ ያዘ ነው። ከሦስቱ አንዱ ቢጐድል ኖሮ በዚያ መንገድ ባልተደረሰበት ነበር።

በዚህ ዓይን ሲታይ የደብተራው መጽሐፍ ከሰንጠረዡ ይልቅ ብዙ ይናገራል። በመድኃኒት መጻሕፍት ውስጥ ለሆድ ቁርጠት የሚሆነው ቅጠል፥ ለመስተፋቅር ከሚሆነውና ጠላትን ከሚመልሰው ጋር ጎን ለጎን ተጽፎ ይገኛል። አንዳንድ መርማሪ የመጀመሪያውን «ሕክምና»፥ የቀሩትን «አጕል እምነት» ብሎ ይለያቸዋል። ለደብተራው ግን ሁሉም በሰው ላይ የሚደርስ መከራና የመከራ መከላከያ ነው። የመጽሐፉን ተራ ያፈረሰ ሰው በሽታ በዚያ ማኅበረሰብ ዘንድ ምን ማለት እንደ ሆነ የሚያስረዳውን ምስክር በገዛ እጁ አጥፍቶታል። ደግሞም ደብተራው የሙያው ሁሉ ባለቤት አይደለም። ስብራት የሚጠግነው ወጌሻ፥ ምጥ የምትጠብቀው አዋላጅ፥ ዳማከሴውን በጓሮዋ ተክላ ቤተሰቧን የምታክመው እናት መጽሐፍ የላቸውም። በብራና ላይ ብቻ የቆመ ጥናት የእነዚህን ዕውቀት እንደሌለ ይቈጥረዋል።

የዚህ ዓይነት ነቀፋ ሲነሣ፥ በሽታን መለየት የሐኪም ሥራ ስለሆነ የባህል መርማሪ የሰማውን ቢመዘግብ ይበቃዋል የሚል መልስ ሊሰጥ ይችላል። መልሱ በከፊል ትክክል ነው። መርማሪው ሐኪም ሳይሆን ምችን በላቦራቶሪ ስም ሊያጠምቀው አይገባም፤ እንዲህ ቢያደርግ የአገሩን ስም ገድሎ የማይረጋገጥ ስም ይተካል። ነገር ግን የሰማውን ይመዝግብ ከተባለ ሙሉውን ይመዝግብ። ሕመሙ በምን ጀመረ፥ በስንተኛው ቀን ምን ታየ፥ በሽተኛውና ጎረቤቱ መነሻውን ምን አሉት፥ ከየትኛው ሕመም ለይተው ዐወቁት፥ መድኃኒቱ በማን እጅ፥ በምን መጠን ተሰጠ፥ ከዚያ በኋላ በሽተኛው ምን ሆነ? በተለይ የመጨረሻው ጥያቄ በብዙዎቹ መዝገቦች አይገኝም። የዳነው ይነገርለታል፤ የሞተው አይቈጠርም። ሐኪሙም ይህን መዝገብ ይዞ ያንኑ በሽተኛ ቢመረምር፥ ሁለቱ ስሞች አንዱ ሌላውን ሳያጠፋ ጎን ለጎን ሊቆሙ ይችላሉ።

የአገር መድኃኒት ሁሉ የማይሳሳት ጥበብ ነው የሚለውም፥ ሁሉም ከንቱ ነው የሚለውም ከአንድ ጕድለት የተነሡ ናቸው፤ ሁለቱም ስለ ቅጠሉ ይከራከራሉ እንጂ ስለ በሽተኛው አልጠየቁም። ክርክሩ ሳይቋጭ ግን የሚያውቁት ሽማግሌዎችና ባልቴቶች ያልፋሉ። ተክሉ በዱር ቢጠፋ ከደረቀው ናሙና መልኩ ይታወቃል። የበሽታው ስም በውስጡ የያዘው ማስተዋል ግን በንግግር ብቻ የሚኖር ስለሆነ፥ ተናጋሪው ሲያልፍ ናሙና አይተውም። እንግዲህ ወደ ገጠር የሚወጣ መርማሪ ቅጠል ለመልቀም ከመጐንበሱ በፊት ከበሽተኛው አጠገብ ተቀምጦ ምን እንዳመመው ሊጠይቀው ይገባል።