ኤስትሮጅን የማስታወስ ኃይልን ይመልሳልን? ስለ ዶክተር ዊልሰን መጽሐፍ የቀረበ ሂስ

«ሳያጣሩ ወሬ፣ ሳይገሉ ጎፈሬ» የሚለው የአባቶቻችን ተረት ለጦር ሜዳ ብቻ ሳይሆን ለምርምር ሥራም የሚስማማ ነው። ይህን ሂስ ለመጻፍ ያነሣሣን ምክንያት የሚከተለው ነው። የአንዲት የክፍል ጓደኛችን እናት ዕድሜያቸው ከኀምሳ ዓመት ጥቂት አለፍ ያለ ነጋዴ ናቸው። የደንበኞቻቸውን ዕዳ ሁሉ ያለ ጽሑፍ በቃላቸው ይዘው ይኖሩ ነበር። የወር አበባቸው መቋረጥ ከጀመረ ወዲህ ግን ስም ይጠፋባቸዋል፤ ሒሳብም ይምታታባቸዋል። ይህን የሰማች በውጭ አገር የምትኖር ዘመዳቸው የኤስትሮጅን ክኒን ገዝታ «አእምሮሽን ይመልስልሻል» በማለት ላከችላቸው። ጓደኛችንም «እናቴ ክኒኑን ትዋጥ ወይስ ትተው?» ብላ ጠየቀችን። መልሱን ስንፈልግ የነገሩን ሥር አንድ የታወቀ መጽሐፍ ውስጥ አገኘነው።

መጽሐፉ ሮበርት ዊልሰን የተባሉት የኒው ዮርክ የማኅፀን ሐኪም በ1966 ያሳተሙት «ፌሚኒን ፎሬቨር» ነው፤ ስሙ ወደ አማርኛ ሲመለስ «ለዘለዓለም ሴት» እንደ ማለት ነው። (በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።) የመጽሐፉ ትምህርት በአጭሩ ይህ ነው፤ ሴት ስታርጥ እንቍልጢዎቿ ኤስትሮጅን የተባለውን ሆርሞን መሥራት ስለሚያቆሙ ማረጥ እንደ ስኳር በሽታ ያለ የጉድለት በሽታ ነው፤ ስለዚህም የጐደለው በመድኃኒት መተካት አለበት። ዶክተር ዊልሰን በዚህ ጉድለት ይመጣሉ ብለው ከዘረዘሯቸው ሕመሞች መካከል ሐሳብን መሰብሰብ አለመቻልና መርሳት ይገኛሉ። መድኃኒቱም በዚያን ጊዜ እንግዳ ነገር አልነበረም፤ ከርጉዝ ባዝራዎች ሽንት የሚጣራው ፕሬማሪን በአሜሪካ ከ1942 ጀምሮ ይሸጥ ነበር።

ሐያሲ ከሁሉ አስቀድሞ ለደራሲው የሚገባውን ምስጋና መንፈግ የለበትም። ብዙ ሐኪሞች የሴቶችን ስሞታ «የነርቭ ነገር ነው» እያሉ በሚያልፉበት ዘመን ዶክተር ዊልሰን ስሞታውን እውነተኛ አድርገው ተቀብለዋል። ኤስትሮጅን በድንገት ፊትን የሚያግለውን ትኩሳትና የሌሊቱን ላብ መቀነሱም ዛሬ የተረጋገጠ ነው። ይሁን እንጂ መጽሐፉ ሁለት ከባድ ጉድለቶች አሉበት።

የመጀመሪያው ጉድለት በቃል ላይ ነው። አንድ ነገር ቀነሰ ማለትና ሰው ታመመ ማለት አንድ አይደለም። የኢንሱሊን እጦት የጠናበት የስኳር በሽተኛ መድኃኒቱን ካላገኘ ይሞታል፤ ሴት ግን ካረጠች በኋላ ሠላሳ ዓመትና ከዚያም በላይ በጤና ልትኖር ትችላለች። ቋንቋችን ራሱ ማረጥንና መጃጀትን ለይቶ ያስቀምጣቸዋል። ጋብቻ በሚታሰብበት ጊዜ እስከ ሰባት ቤት ዘር ቈጥረው ዝምድናን የሚለዩ ባልቴቶችን የማያውቅ ከመካከላችን ማን አለ? ይህ የሳይንስ ማስረጃ እንዳይደለ እናውቃለን፤ ነገር ግን ያረጠች ሴት ሁሉ አእምሮዋ እየከዳት ነው የሚለውን አነጋገር በጥርጣሬ እንድንመለከተው ይበቃል።

ሁለተኛው ጉድለት በማስረጃ ላይ ነው። መጽሐፉ በይበልጥ የሚደገፈው ሐኪሙ ባከሟቸው ሴቶች ታሪክ ነው። ክኒኑን ሳይወስዱ የተሻላቸው ስንት እንደ ሆኑ ለማወቅ ማነጻጸሪያ ያስፈልጋል፤ እርሱ ግን የለም። የደራሲው የምርምር ድርጅት ከመድኃኒት ፋብሪካዎች ገንዘብ መቀበሉም ታውቋል። ገንዘብ መቀበል ብቻውን ሐሳብን ሐሰት አያደርገውም፤ ማስረጃውን አጥብቀን እንድንመረምር ግን ያስገድደናል።

ሐሳቡ ፈጽሞ መሠረት የለሽ ነው እንዳንል ግን ከላቦራቶሪ የመጣ ምስክር አለ። በ1990 ካትሪን ዉሊ፣ ብሩስ ማክዩወንና ባልደረቦቻቸው በአይጦች ላይ ባደረጉት ጥናት ሂፖካምፐስ በተባለው፣ ለትውስታ ዋና በሆነው የአንጎል ክፍል፣ በነርቭ ሕዋሳት ቅርንጫፎች ላይ የሚገኙት ጥቃቅን እሾኽ መሰል ጉጦች ከኤስትሮጅን መጠን ጋር አብረው ሲበዙና ሲያንሱ ተመልክተዋል። ነርቭ ከነርቭ መልእክት የሚቀበለው በነዚህ ጉጦች ነው። በሰውም ላይ በካናዳ የማክጊል ዩኒቨርሲቲ ባልደረባ የሆኑት ባርባራ ሸርዊን በ1992 ከተማሪያቸው ጋር ባሳተሙት ጥናት፣ እንቍልጢያቸው በቀዶ ጥገና ከወጣ ሴቶች መካከል መድኃኒት የሌለበት ክኒን የተሰጣቸው የቃላት ጥንዶችን በማስታወስ ሲደክሙ፣ ኤስትሮጅን የተሰጣቸው ግን እንዳልደከሙ አሳይተዋል። ሆኖም የተጠኑት ሴቶች ጥቂቶች ነበሩ፤ እንቍልጢ በአንድ ቀን በቢላዋ መውጣቱና ዕድሜ ቀስ በቀስ የሚያመጣው ማረጥም አንድ አይደሉም።

ከዚህ በኋላ ብዙ ሴቶችን የቈጠሩ ጥናቶች ሲመጡ፣ ኤስትሮጅን ይወስዱ የነበሩት የመርሳት በሽታ ያነሰባቸው መስሎ ታየ። እዚህ ላይ ማስተዋል ያሻል። መድኃኒቱን በፈቃዳቸው ይወስዱ የነበሩት ሴቶች በአብዛኛው የተሻለ ትምህርት፣ የተሻለ ገቢና የተሻለ ጤና የነበራቸው ናቸው። ታዲያ አእምሯቸውን የጠበቀው ክኒኑ ነው ወይስ ኑሯቸው? ይህን ለመለየት ሴቶቹን በዕጣ መክፈል ግዴታ ነው።

ዕጣው በአሜሪካ ወጣ። በ2003 ውጤቱ በታተመው ጥናት ዕድሜያቸው 65 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆኑ 4,532 ሴቶች ለሁለት ተከፍለው ለአንዱ ወገን ኤስትሮጅን ከፕሮጀስቲን ጋር፣ ለሌላው ወገን መድኃኒት የሌለበት ክኒን ተሰጠ። አራት ዓመት ያህል ከተከታተሏቸው በኋላ በመርሳት በሽታ የተያዙት ሆርሞን ከወሰዱት 40፣ ካልወሰዱት 21 ሆኑ። ይጠብቃል የተባለው መድኃኒት አደጋውን እጥፍ አድርጎት ተገኘ!

ሆኖም ዊልሰንን በነቀፍንበት ሚዛን ይህንንም አነጋገር መመዘን አለብን። «እጥፍ» የሚለው ቃል ያስደነግጣል፤ በቍጥር ሲተረጐም ግን ከ10,000 ሴቶች መካከል በዓመት 22 ይታመሙ የነበሩት 45 ሆኑ ማለት ነው። አደጋው እውነተኛ ነው፤ ነገር ግን መድኃኒቱን የወሰደች ሁሉ ትጃጃለች ማለት አይደለም። ደግሞም የተጠኑት ሴቶች ካረጡ ብዙ ዓመት ያለፋቸው ናቸው። የሰባ ዓመት አሮጊትን ውጤት በኀምሳ ዓመት ሴት ላይ መጫን፣ የአይጥን ውጤት በሰው ላይ ከመጫን ያላነሰ ስሕተት ነው። በዚህ የተነሣ አንዳንድ ሊቃውንት «መድኃኒቱ የሚጠቅመው በጊዜ ሲጀመር ነው» የሚል ሐሳብ አቀረቡ።

ይህም ሐሳብ ተፈተነ። በ2015 ውጤቱ በታተመ ጥናት፣ ካረጡ ሦስት ዓመት ያልሞላቸው 693 ሴቶች ለአራት ዓመት ተጠኑ፤ በማስታወስ ረገድ ሆርሞኑ አልጠቀማቸውም፤ አልጎዳቸውምም። በ2016 የታተመውም ሌላ ጥናት 567 ሴቶችን ካረጡ ስድስት ዓመት ያልሞላቸውና ዐሥር ዓመት ያለፋቸው በማለት ለይቶ ሲመረምር በሁለቱም ወገን ለውጥ አላገኘም። እንግዲህ በጊዜ መጀመሩ ከጉዳት ያድን ይሆናል፤ ትውስታን ያሻሽላል የሚለው ግን አልተረጋገጠም።

ታዲያ የጓደኛችን እናት መርሳት ሐሰት ነውን? አይደለም። በ2009 በታተመ የአሜሪካ ጥናት 2,362 ሴቶች ለዓመታት ሲመረመሩ፣ የወር አበባ መዛባት በጀመረበት የሽግግር ወራት አዲስ ነገር የመማር ችሎታቸው ሲዘገይ፣ ካረጡ በኋላ ግን ወደ ቀድሞው ሲመለስ ታይቷል። ስለዚህ ይህ ድካም ለብዙዎች የሚያልፍ እንጂ የመጃጀት መግቢያ አይደለም። ዶክተር ዊልሰን ስሞታውን ማመናቸው ትክክል ነበር፤ ስሕተታቸው የሚያልፈውን ነገር የዕድሜ ልክ በሽታ ብለው የዕድሜ ልክ መድኃኒት ማዘዛቸው ነው።

ለጓደኛችን የሰጠናት መልስም ይኸው ነበር። ለማስታወስ ብቻ ተብሎ ክኒኑ አይዋጥ። የሌሊቱ ላብ እንቅልፍ ከልክሏቸው እንደ ሆነ ግን እርሱ ሊታከም የሚገባው ሌላ ጉዳይ ስለ ሆነ ለሐኪም ይነገር። ከሁሉ በላይ በ1975 እንደ ታወቀው፣ ማኅፀን ያላት ሴት ኤስትሮጅንን ብቻውን ብትወስድ የማኅፀን ካንሰር ያሰጋታል፤ ስለዚህም ፕሮጀስቲን ይጨመርበታል። ከውጭ የመጣው ብልቃጥ ሲገለበጥ የተጻፈበት ኤስትሮጅን ብቻ ነበር። እናትየውም ማኅፀናቸው አልወጣም።

ብልቃጡ ሳይከፈት ወደ ሐኪም ተወሰደ። እኛም ከዚህ የተማርነው ይህ ነው፤ ስሕተት በመጽሐፍ ገጽ ላይ ሲቀር ሐያሲን ብቻ ያስቈጣል፤ ከገጹ ወጥቶ በክኒን መልክ እናቶቻችን እጅ ሲደርስ ግን ዝም ሊባል አይገባውም።