የጌራሲም ትከሻ፦ «የኢቫን ኢሊች ሞት» በጤና ባለሙያ ዓይን

ሊዮ ቶልስቶይ «የኢቫን ኢሊች ሞት» የተሰኘውን አጭር ልብ ወለድ ለኅትመት ያበቃው በ1886 እ.ኤ.አ. ነው። ባለታሪኩ የ45 ዓመት ዳኛ ሲሆን፣ አዲስ ቤቱን ሲያስጌጥ ከመሰላል ተንሸራቶ ጎኑ ከተመታ በኋላ ይታመማል፤ ውሎ አድሮም ይሞታል። ሞቱ ከመጀመሪያው ምዕራፍ የተነገረ በመሆኑ፣ አንባቢ የሚከታተለው መዳን አለመዳኑን ሳይሆን ሲሞት ማን አጠገቡ እንደነበረ ነው።

በታሪኩ ውስጥ ብዙ ሐኪሞች ይመጣሉ፤ የሚቆይ ግን የለም። ስመ ጥሩው ሐኪም ችግሩ የኩላሊት ነው ወይስ የትርፍ አንጀት እያለ ያመዛዝናል። ሕመምተኛው የሚሻው ሕመሙ ለሕይወቱ የሚያሰጋ መሆን አለመሆኑን ማወቅ ነው፤ ለዚህ መልስ አያገኝም። ቀድሞ እርሱ በችሎት ተከሳሾችን ያይ በነበረበት ዓይን አሁን ሐኪሙ እርሱን ያየዋል።

ከሥቃዩ ይልቅ የሚከብደው ውሸቱ ነው። ቤተሰቡም ሐኪሞቹም እየሞተ ሳይሆን ታሞ ብቻ እንደሆነ ያስመስላሉ። አገልጋዩ ጌራሲም ግን አይዋሽም፤ ሰገራውን ያወጣል፣ እግሮቹን በትከሻው ተሸክሞ ሌሊቱን አብሮት ያነጋል።

ቶልስቶይ ውሸትን ከልበ ደንዳናነት ጋር፣ እውነትን ከርኅራኄ ጋር አጣምሮ አቅርቧል። ይህ አከፋፈል በኢትዮጵያ የሕሙማን ክፍሎች አይሠራም። በዚያ የጌራሲምን ሥራ የሚሠራው አስታማሚው ነው፤ ሐኪሙን ከበር አስቁሞ «ለእሱ እንዳይነገረው» ብሎ የሚማጸነውም ብዙውን ጊዜ ያው አስታማሚ ነው። ይህ ልበ ደንዳናነት አይደለም። መርዶ ዘመድ ወዳጅ ተሰብስቦ በሚነገርበት ባህል፣ ክፉ ወሬ ለብቻ አይሰማም። ስለዚህ የሐኪሙ ድርሻ ከሁለቱ ወገን አንዱን መምረጥ ሳይሆን፣ ሕመምተኛው ምን ያህል ማወቅ እንደሚሻና ማን አብሮት እንዲሰማ እንደሚፈልግ ራሱን መጠየቅ ነው።

ሌላው የድርሰቱ ድክመት ሦስት ቀን ሙሉ የዘለቀው ጩኸት ነው። ደራሲው ሥቃዩን ወደ ብርሃን የሚያደርስ መንገድ አድርጎታል። ለጤና ባለሙያ ግን ይህ አደገኛ ትምህርት ነው፤ ሞርፊን በዓለም ጤና ድርጅት የመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ የሚገኘው ሰው እንዲህ እየጮኸ እንዳይሞት ነው። ሥቃዩ ያልታገሠለት ሰው አጠገቡ ማን እንደተቀመጠ እንኳ ለማወቅ ይቸገራል።

ያም ሆኖ የመጨረሻው ትዕይንት ሊነበብ ይገባዋል። ከመሞቱ ሁለት ሰዓት ያህል ቀደም ብሎ ተማሪ ልጁ ቀስ ብሎ ይገባል። የሚወራጨው የአባት እጅ በልጁ ራስ ላይ ያርፋል፤ ልጁም እጁን ይዞ ይስምና ያለቅሳል። ልጁ የሚያውቀው ሕክምና የለም፤ በኢቫን ኢሊች ላይ ለውጥ የሚመጣው ግን በዚያች ሰዓት ነው። በካርዱ ላይ የሚጻፍ ትእዛዝ ሲያልቅ ከክፍሉ ለመውጣት የሚቸኩል ሐኪም ይህን ገጽ ደግሞ ቢያነበው ይጠቀማል።