የላሟ ባለቤት፤ ስለ ወሎ ገበሬ በተጻፉ መጻሕፍት ላይ የቀረበ ሂስ

ከላሊበላ ከተማ ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቆ በገደል ሥር፣ በዋሻ ውስጥ የታነጸው የነአኩቶ ለአብ ቤተ ክርስቲያን፣ ከዋሻው ጣራ በሚንጠባጠበው ውኃና ጠብታውን በሚቀበሉት ያረጁ የድንጋይ ገንዳዎች ይታወቃል። ውኃው ለምእመናን ጠበል ነው። ቤተ ክርስቲያኑ የሚጠራበት ንጉሥ ግን ታሪኩ የሚነገረው በአንድ መንገድ ብቻ አይደለም። በገድሉ ጻድቅ ነው። ሲወርድ ሲዋረድ በመጣው ትውፊት ደግሞ፣ ንጉሥ ላሊበላ ዙፋኑን ለወንድሙ ልጅ ለነአኩቶ ለአብ ለቆ 18 ወር ያህል ካለፈ በኋላ፣ የአዲሱ ንጉሥ ወታደሮች የአንድ ድኻ ገበሬ ብቸኛ ላም ለንጉሡ ማዕድ ነድተው ወሰዱ፤ ንግሥት መስቀል ክብራም ይህን አይታ ባሏ ወደ ዙፋኑ እንዲመለስ አግባባችው ይባላል። የታሪክ ምሁሩ ታደሰ ታምራት እ.ኤ.አ. በ1972 ባሳተሙት፣ በኢትዮጵያ ስለነበረው የቤተ ክርስቲያንና የመንግሥት ግንኙነት በሚያትተው መጽሐፋቸው፣ ይህን ትውፊት በጥርጣሬ ይመለከቱታል፤ በመልካም አነጋገር የተሸፈነ የሥልጣን ንጥቂያ ሳይኖርበት እንዳልቀረም ይገምታሉ።

ትውፊቱም ትርጓሜውም የሚተርኩት የነገሥታቱን ነገር ነው። የላሟ ባለቤት ስም በሁለቱም ዘንድ የለም። የመንግሥት ለውጥ በላሙ ሰበብ የመጣለት ሰው ከየትኛው መንደር እንደነበረ፣ ላሙ ከተወሰደች በኋላ ልጆቹን በምን እንዳሳደገ፣ ላሙስ ተመልሳለት እንደሆነ የሚጠይቅ አልተገኘም።

ይህ ጥያቄ ለጥንቱ ዘመን ብቻ የሚቀርብ አይደለም። በእውነተኛ ሰዎች ሕይወትና በዘመኑ ማኅበራዊ ችግር ላይ የተጻፉ፣ ልብ ወለድ ያልሆኑ መጻሕፍት በትምህርት ቤቶች ቤተ መጻሕፍት መደርደሪያ ላይ ሥፍራ ይሰጣቸው ሲባል፣ መምህሩም የዕቅድ ባለሙያውም አስቀድመው ሊያነሡት የሚገባ መመዘኛ ነው፤ መጽሐፉ የላሟን ባለቤት የት አስቀምጦታል?

የአማርኛ ሥነ ጽሑፍ በዚህ ረገድ መነሻ የለውም ማለት አይቻልም። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1915 ዓ.ም. ያሳተሙት «የሕይወት ታሪክ»፣ በኋላ ዘመን ለሚነሡ ልጆች ማስታወቂያ እንዲሆን ታስቦ የተዘጋጀ የስመ ጥር ሰዎች መዝገብ ነው። አገልግሎቱ ታላቅ ነው፤ በአጭር በአጭሩ ያሰፈረው ባይኖር ኖሮ የብዙ ሊቃውንትና መኳንንት ዜና በጠፋ ነበር። ይሁን እንጂ አሠራሩ ከገድል ብዙም አይርቅም። ሰው በመዝገቡ የሚገባው በማዕረጉ ወይም በዕውቀቱ ነው፤ ገበሬው በሌላው ሰው ታሪክ ውስጥ ግብር አግቢና ዘማች ሆኖ ያልፋል። ከዚያ በኋላ በተከታታይ የወጡት የመሳፍንትና የሚኒስትሮች ማስታወሻዎችም ይህን ልማድ አልለወጡትም።

ልማዱን የሰበረው ረኃብ ነው። ፕሮፌሰር መስፍን ወልደ ማርያም እ.ኤ.አ. በ1984 ያሳተሙት፣ ከ1958 እስከ 1977 (በኢትዮጵያ አቆጣጠር ከ1950 እስከ 1969 ገደማ) በገጠር የደረሰውን የረኃብ ተጋላጭነት የሚመረምረው መጽሐፍ፣ ለወሎ ገበሬ በቅን የተሟገተ የመጀመሪያው ታላቅ ጥናት ቢባል ማጋነን አይሆንም። የመጽሐፉ ዋና ክርክር ድርቅና ረኃብ አንድ አለመሆናቸው ነው። ዝናብ ሲቀር ገበሬውን የሚጥለው፣ ከእጅ ወደ አፍ ከሆነው አመራረት በላይ፣ በጥሩውም ዓመት ጎተራውን የሚያራቁትበት ማኅበራዊና ፖለቲካዊ ሥርዓት መሆኑን ደራሲው በማስረጃ ያሳያሉ።

በዚሁ መጽሐፍ ውስጥ መምህራን ሊዘነጉት የማይገባ አንድ ታሪክ አለ። በ1958 ዓ.ም. በወሎ ረኃብ መግባቱን የሚገልጽ ዘገባ ከወረ ኢሉ አውራጃ ለአገር ግዛት ሚኒስቴር ደረሰ። ከሚኒስቴሩ ወደ ንጉሠ ነገሥቱ ለመሻገር 302 ቀን ፈጀበት። ከዚያም ትእዛዝ በተሰጠ ጊዜ ሚኒስቴሩ የወሎን ባለሥልጣኖች የጠየቀው የሞቱትን ሰዎች ስም ዝርዝር እንዲልኩ ነበር። የገበሬው ስም በመንግሥት መዝገብ እጅግ የተፈለገው በዚህ ጊዜ ሳይሆን አይቀርም፤ የተፈለገውም ባለስሙ ከሞተ በኋላ፣ መሞቱን ለማጣራት ነው። አንባቢ ከዚህ ገጽ ላይ ሲደርስ መጽሐፉን አጥፎ ጥቂት ማሰቡ አይቀርም።

የመጽሐፉ ጉድለት ከጥንካሬው ጋር የተያያዘ ነው። ደራሲው የመልክዓ ምድር ሊቅ እንደመሆናቸው አውራጃን ከአውራጃ ያነጻጽራሉ፤ ሠንጠረዥና ካርታ ይሠራሉ። በዚህም ምክንያት ገበሬው ከስመ ጥፉነት ወጥቶ ቁጥር ሆኗል። ቁጥር መሆን ትንሽ ነገር አይደለም፤ 302ቱ ቀን ራሱ ቁጥር ነው፤ ከብዙ ሐተታም ይልቅ ይናገራል። ነገር ግን ላሙ የተወሰደችበት ሰው ስለ ራሱ ምን እንደሚያስብ ከሠንጠረዥ አይገኝም።

ወደዚህ ሰው አንድ እርምጃ የቀረቡት ደሳለኝ ራህመቶ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1991 በኡፕሳላ ታትሞ የወጣው ጥናታቸው የ1977ቱን ረኃብ በአምባሰል አውራጃ ገበሬዎች ዓይን ይመለከታል። በጊዜው በዓለም ዙሪያ የታየው ሥዕል እጁን ለምጽዋት የዘረጋ፣ ዝንብ የወረረው ሰው ሥዕል ነበር። ደሳለኝ ያሳዩት ገበሬ ግን ችግሩን ከሩቅ የሚያሸት፣ ማዕዱን አስቀድሞ የሚቀንስ፣ ፍየልና በጉን እየሸጠ የእርሻ በሬውን እስከሚችለው ድረስ የሚያቆይ፣ ከዘመድ የሚበደር፣ በመጨረሻም ቀዬውን ለቆ የሚሰደድ አእምሮ ያለው ሰው ነው። ይህ እይታ ለመማሪያ መጻሕፍት አዘጋጆች ትልቅ ትምህርት ይሰጣል። ስለ ረኃብ በሚያስተምር ምዕራፍ ላይ የሚታየው የተራበ ሰው ብቻ ከሆነ፣ አያቱ ከዚያ ረኃብ በብልሃት የተረፈለት ልጅ ስለ ወገኖቹ የሚማረው ውርደትን ነው።

ሦስተኛው መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ1992 የታተመው የአሉላ ፓንክረስት ሥራ ነው። ከ1977 ዓ.ም. ጀምሮ ባሉት ጥቂት ዓመታት 600,000 ገደማ ሕዝብ ወደ ምዕራብና ደቡብ ምዕራብ ሲሰፍር አብዛኛው የወሎ ሰው ነበር። ስለዚህ ሰፈራ የተጻፈው አብዛኛው ጽሑፍ ሁለት ጎራ የያዘ ነበር፤ አንደኛው ሕዝቡ ወድዶ ሄደ ሲል፣ ሁለተኛው ተገድዶ ተጫነ ይል ነበር። አሉላ ግን በወለጋ፣ በቄቶ ሰፈራ፣ ሦስተኛ መንደር በምትባል ሥፍራ ተቀምጠው የሰፋሪዎቹን ነገር ከራሳቸው አንደበት ሰሙ። የሰሙትም ለሁለቱም ጎራ የሚመች አልሆነም። ሰዎቹን ከቀያቸው ያነሣቸው ምክንያት አንድ ወጥ አልነበረም፤ ከአንድ ቤተሰብ እንኳ የባልና የሚስት፣ የአባትና የልጅ ምክንያት ሊለያይ ይችል ነበር። መጽሐፉ ከሌሎቹ የሚልቀው በዚህ ነው። ገበሬው ምስክር ብቻ መሆኑ ቀርቶ የሚያመዛዝን፣ የሚሳሳት፣ የሚጸጸትም ሰው ይሆናል።

እንግዲህ ሦስቱን መጻሕፍት በአንድነት ለሚመዝን ሰው ከባዱ ሂስ ከይዘታቸው ውጭ ነው። ሦስቱም የተጻፉት በእንግሊዝኛ፣ የታተሙትም በውጭ አገር ነው። ለዚህ በቂ ምክንያት ነበራቸው፤ በዘመኑ የነበረው የኅትመት ቁጥጥርም የምርምር ተቋማት ልማድም ይታወቃል። ውጤቱ ግን የላሟ ባለቤት ክርክር እርሱ በማይሰማው ሸንጎ መታየቱ ነው። የላስታ ልጅ በመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት በዋናነት የሚማረው በአማርኛ ነው። እነዚህን መጻሕፍት ለማንበብ የሚበቃ እንግሊዝኛ የሚያገኘው፣ ካገኘም፣ ከቀዬው ርቆ ዩኒቨርሲቲ ሲገባ ነው።

ቋንቋ በእንዲህ ዓይነት መጽሐፍ ላይ ምን ያህል ክብደት እንዳለው የሜክሲኮ ታሪክ ያስረዳል። አሜሪካዊው ኦስካር ሉዊስ በሜክሲኮ ከተማ የአንድ ድኻ ቤተሰብ አባላት ሕይወታቸውን ሲናገሩ በድምፅ መቅጃ ቀድቶ «የሳንቼዝ ልጆች» የተባለውን መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ1961 በእንግሊዝኛ ሲያሳትም፣ በሜክሲኮ ብዙ ሁከት አልተነሣም። መጽሐፉ በ1964 በስፓኝኛ በወጣ ጊዜ ግን የአገሪቱ የመልክዓ ምድርና የስታቲስቲክስ ማኅበር አገር ሰደበ ብሎ ከሰሰው፤ ክሱ ውድቅ ቢሆንም የአሳታሚው ድርጅት ዋና ኃላፊ ሥራውን አጣ። በመጽሐፉ ውስጥ የተጨመረ ነገር አልነበረም። አዲሱ ነገር፣ የተጻፈላቸውና የተጻፈባቸው ሰዎች ሊያነቡት መቻላቸው ነው። በዚያ መጽሐፍ የቤተሰቡ እውነተኛ ስም ተደብቋል፤ ድምፃቸው ግን የራሳቸው ነው። ከዚህ እንደሚታየው፣ የሰዎችን ደኅንነት ለመጠበቅ ስም መለወጡ የሚነቀፍ አይደለም። የሚጎዳው የአነጋገራቸው መጥፋት ነው።

ስለሆነም ስለ ትርጉም ሥራ የሚያስቡ የዕቅድ ባለሙያዎች ቅደም ተከተሉን ቢያጤኑት ይበጃል። የመስፍን መጽሐፍ በመላ ቢተረጎም ለመምህራን እንጂ ለተማሪዎች አይመችም፤ ስለ 302ቱ ቀን የሚያወሳው ክፍል ብቻ ተነጥሎ ቢወጣ ግን ለአንድ ሳምንት የታሪክና የዜግነት ትምህርት ይበቃል። ከደሳለኝ ጥናት ገበሬው ችግርን የሚቋቋምበትን ብልሃት የሚዘረዝሩት ገጾች ለ8ኛ ክፍል ተማሪ አይከብዱም፤ ልጁ ከቤቱ ከሚሰማው ጋር እያስተያየ ትክክል ነው፣ ትክክል አይደለም ሊል ይችላል። እንዲህ ብሎ መጽሐፍን የሚፈትን ተማሪ በማናቸውም ክፍል ብርቅ ነው። የአሉላን መጽሐፍ የሚተረጉም ሰው ደግሞ የሚገጥመው ችግር የተለየ ነው፤ በአማርኛ የተነገረውን፣ በእንግሊዝኛ የተጻፈውን፣ ወደ ወሎ አማርኛ መመለስ አለበት፤ የከተማ አማርኛ ቢያለብሰው ሰዎቹን ሁለተኛ ያሰፍራቸዋል።

በዚህ መካከል አንድ መጽሐፍ ለብቻው ቆሟል። ፈቃደ አዘዘ እ.ኤ.አ. በ1998 በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ማተሚያ ቤት ያሳተሙት፣ በ1977ቱ ድርቅና ረኃብ ላይ ገበሬዎች የገጠሙትን ቃል ግጥም የያዘ ጥናት ነው። ሐተታው እንግሊዝኛ ቢሆንም ግጥሞቹ በአማርኛ ሰፍረዋል። ገበሬው በእነዚህ ግጥሞች ከመንግሥትም ከፈጣሪም ጋር ይሟገታል፤ ይለምናል፣ ይወቅሳል፣ ይቀልዳል። ሦስቱ ጥናቶች በሙሉ ኃይላቸው ሊያቀርቡት የሞከሩት ሰው እዚህ ላይ በሁለት ስንኝ ይመጣል። እንግሊዝኛውን ዘልሎ ግጥሙን የሚያነብ የገጠር ተማሪ መጽሐፉን በግማሽ አነበበ ማለት ነው፤ ያነበበውም የሚበልጠውን ግማሽ ነው።

ግጥሞቹ ግን የተሰበሰቡት በሰሜን ሸዋ ነው። የላስታ ሰው በ1977 ዓ.ም. ምን ብሎ እንደገጠመ የሚነግሩት በነአኩቶ ለአብና በላሊበላ ዙሪያ ባሉ መንደሮች የሚኖሩ ሽማግሌዎችና ባልቴቶች ናቸው። በዚያ ዓመት የ20 ዓመት ወጣት የነበረው ዛሬ 60 ዓመት አልፎታል።