ድግሱን የከለከለው ሕግ ምን ከለከለ?

ስለ ቅኝ አገዛዝ በሚጻፉ ድርሰቶች ባህልን ማጥፋትና ራስን በራስ ማስተዳደርን መንፈግ ብዙ ጊዜ እንደ ሁለት የተለያዩ በደሎች ይቈጠራሉ። ይህ አከፋፈል ለጸሐፊው ይመቸው ይሆናል እንጂ ከነገሩ እውነት ጋር አይስማማም። ለዚህም የካናዳ ሕግ በቂ ማስረጃ ነው። (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።)

በ1876 ዓ.ም. የወጣው «የኢንዲያን ሕግ» የነባር ሕዝቦችን አለቆች በመንግሥት ሥልጣን ሥር አዋለ፤ መንግሥት ችሎታ ወይም ግብረ ገብነት ይጐድለዋል ያለውን አለቃ ለመሻር ይችል ነበር። በ1884 ዓ.ም. ደግሞ ፖትላች የሚባለውን ድግስ ያደረገ ወይም የረዳ ሁሉ ከ2 እስከ 6 ወር እንዲታሰር ተደነገገ።

ፖትላች ተራ ግብዣ አይደለም። በምዕራብ ጠረፍ በሚኖሩት በክዋክዋካዋክና በጎረቤቶቻቸው ዘንድ አለቃ የሚሾመው፣ ጋብቻ የሚጸናው፣ የቤተ ሰብ ስምና መብት ለወራሽ የሚተላለፈው በዚህ ድግስ ላይ ነው። እንግዶቹ ምስክሮች ናቸው፤ የሚቀበሉትም ስጦታ የምስክርነታቸው ዋጋ ነው። ስለዚህ ድግሱን የከለከለ ሕግ ሸንጎውንና መዝገቡንም አብሮ ዘጋ።

በ1889 ዓ.ም. የክፍለ ሀገሩ ጠቅላይ ዳኛ ማቲው ቤግቢ፣ ሕጉ ፖትላች ምን እንደ ሆነ አላስረዳም ብለው አንድ እስረኛ ለቀቁ። ነገር ግን በ1895 ዓ.ም. ሕጉ ተሻሽሎ ገንዘብ ወይም ዕቃ የሚታደልበትን ሥነ ሥርዓት በሙሉ ከለከለ። በ1921 ዓ.ም. ዳን ክራንመር በደገሰው ፖትላች ምክንያት ከ40 በላይ ሰዎች ተከሰሱ። ጭምብሎቻቸውንና የሥነ ሥርዓት ዕቃዎቻቸውን ያስረከቡት ቅጣታቸው ሲታገድ፣ ሌሎቹ ወኅኒ ወረዱ።

የሕጉ ደጋፊዎች ሕዝቡን ከብክነትና ከድህነት ለማዳን የታሰበ ነው ይሉ ነበር። ሚስዮናውያንም፣ ከተጠመቁት ነባር ሰዎች አንዳንዶቹም ክልከላውን እንደ ጠየቁ መካድ አይገባም። ይሁን እንጂ ይህን መከራከሪያ የ1927ቱ ድንጋጌ ያፈርሰዋል፤ ያለ መንግሥት የጽሑፍ ፈቃድ የመሬት መብትን ለመጠየቅ ገንዘብ ማዋጣት ወንጀል ሆነ። ድግሱ ሀብት አባካኝ ነው ብንል እንኳ፣ ለጠበቃ መክፈልን ምን ብለን እንጠራዋለን? ሕጉ የሚፈራው ብክነትን ሳይሆን ሕዝቡ ተሰብስቦ መብቱን ማስመስከሩን ነበር።

ሁለቱም ክልከላዎች በ1951 ዓ.ም. ከሕጉ ወጡ። የኒስጋ ሕዝብ በ1967 ዓ.ም. ክስ መሠረተ፤ በ1973 ዓ.ም. በሥነ ሥርዓት ጕድለት ቢሸነፍም፣ ከ7ቱ የጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኞች 6ቱ ሕዝቡ ከቅኝ አገዛዝ በፊት የመሬት መብት እንደ ነበረው ተቀበሉ። የ1876ቱ ሕግ ግን ብዙ ጊዜ ተሻሽሎ ዛሬም ይሠራል። እንግዲህ እንዲህ ያሉትን ሕጎች የምናጠና ተማሪዎች የባህሉን አንቀጽ ከአስተዳደሩ አንቀጽ ነጥለን ብናነብ፣ ሕጉ ራሱ ያልለየውን ነገር መለየታችን ነው።