የምናውቀው መንገድ ጸጥ ሲል

ሳይንሳዊ ልብ ወለድ ስታነቡ ታሪኩ የተፈጸመበትን ቦታ ልብ ትላላችሁ? ኤች. ጂ. ዌልስ እ.ኤ.አ. በ1898 በመጽሐፍ ባሳተመው «የዓለማት ጦርነት» የማርስ ፍጡራን የሚወርሩት ስም የለሽ ከተማን ሳይሆን ለንደንን ነው። ተራኪው ሰው በራቃት ከተማ ብቻውን ሲሄድ ኤግዚቢሽን ሮድ ላይ ይደርሳል። መንገዱ ዛሬም አለ፤ ስያሜው እንግሊዝ በኢንዱስትሪዋ ከኮራችበት ከ1851ዱ ታላቅ ኤግዚቢሽን የመጣ ነው። ዌልስም በወጣትነቱ ሳይንስ የተማረው በዚያው ሰፈር ነበር። በልብ ወለዱ ግን የሚታየው የተገለበጠ አውቶቡስና የፈረስ አጥንት፣ የሚሰማውም የአንድ ማርሳዊ ዋይታ ነው።

የደራሲው ብርታት እዚህ ላይ ነው። መንገዱ የፈጠራ ቢሆን ኖሮ አንባቢው «ተረት ነው» ብሎ ያልፈው ነበር። ትናንት የሄደበት መንገድ ሲሆን ግን ትምክህቱ ይነካል።

የማልቀበለው ነገርም አለ። በታሪኩ ጎልቶ የሚታየው የቤተ ክርስቲያን አገልጋይ በፍርሃት ራሱን መግዛት ያቃተው ሰው ነው፤ ከእርሱ ጎን የጸና አማኝ አይታይም። ይህ ሚዛን ያጣ ሥዕል ነው። ሆኖም መድፍ ያልመለሳቸውን ወራሪዎች በመጨረሻ የጣሏቸው በዓይን የማይታዩ ጀርሞች ናቸው፤ ተራኪውም ይህን የእግዚአብሔር ጥበብ ይለዋል።

መጽሐፉን አንብቡት። ከዚያም በየቀኑ የምትመላለሱበትን መንገድ እያያችሁ ራሳችሁን ጠይቁ፦ ይህ ሁሉ ጸጥ ቢል የምደገፈው በምን ላይ ነው?